የኮራል ሙቀት ሙከራ በድሬዳዋና በሐረር፦ ችግርና መፍትሄ

ኮራል ውሃው ከለመደው በላይ ሲሞቅበት በሥጋው ውስጥ የሚኖሩትንና የሚመግቡትን ጥቃቅን አልጌዎች ያጣል። ያን ጊዜ ነጩ አፅም በስሱ ሥጋ ሥር ይታያል፤ መንጣት የሚባለው ይህ ነው። ይህን ለማጥናት ግን ጂቡቲ መውረድ ግድ አይደለም። የኮራል ዘመድ የሆነችው አይፕታሲያ፣ ትንሿ የባሕር አኒሞን፣ ተመሳሳይ አልጌ ትሸከማለች። አፅም ስለሌላት አልጌዋን መቁጠርም ይቀላል። ፈተናው እኛ ያለንበት አየር፣ ውሃና ከፍታ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን ተጠያቂ ከማድረጋችሁ በፊት ገንዳውንና መለኪያውን መርምሩ።

ያልሞቀው ማነጻጸሪያ ገንዳም ነጣ

ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ካጋጠመ ደግሞ የዚያ ዙር ውጤት ሁሉ አይታመንም።

መጀመሪያ ሙቀቱን እዩ። በ26 ዲግሪ ሊቆይ የሚገባው ገንዳ በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ውስጥ ማሞቂያው ጠፍቶም ከክፍሉ ጋር እየሞቀ ይሄዳል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብቻ የሚለካ ሰው አይደርስበትም። በየ10 ደቂቃው የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ አኑሩ። መፍትሄው የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን ነው። ሐረር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሌሊት ስለሚበርድ ማነጻጸሪያውም ማሞቂያ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ጨዋማነቱን ለኩ። ቬንትሌተር ውሃውን ያቀዘቅዛል፤ የሚያቀዘቅዘው ግን በማትነን ነው፣ ጨው ደግሞ አይተንም። 40 ሊትር ገንዳ 5 ሊትር ሲያጣ ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 40 ግራም በኪሎ ይወጣል። ገንዳውን ክደኑ፤ የጎደለውን በየቀኑ በንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ በጨው ውሃ ፈጽሞ አትሙሉ። የጨዋማነት መለኪያውን ሪፍራክቶሜትር ደግሞ በተጣራ ውሃ ብቻ ዜሮ ማድረግ አይበቃም፤ በ35 መመዘኛ ፈሳሽ አረጋግጡት።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጥፋቱ በውሃው ላይ ነው። ማንቆርቆሪያ ላይ ኖራ የሚጋግር የድሬ ውሃ በየቀኑ ሲጨመር ካልሲየሙና አልካላይኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ይከማቻሉ፤ ክሎሪን ካለበት ደግሞ እንስሳቱን ይጎዳል። በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በስስ ሜምብሬን በሚያሳልፍ ማጣሪያ) የተጣራ፣ በቲዲኤስ (በውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን በሚያሳይ) መለኪያ ከ5 ያልበለጠ ውሃ ተጠቀሙ። ኖራው ሜምብሬኑን ስለሚደፍን ቁጥሩ መውጣት ሲጀምር ወዲያው ቀይሩት። የአፍዴራ ጨው አያገለግልም፦ ሶዲየም ክሎራይድ እንጂ የባሕር ውሃ ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም በልኩ የሉበትም። ለአኳሪየም የተሠራ የባሕር ጨው በሊትር ከ35 ግራም ጀምራችሁ በጥብጡ፣ በፓምፕ ለ24 ሰዓት አዘዋውሩት፣ ከዚያ ለክታችሁ አስተካክሉ።

አየር ሌሊቱን ሙሉ ተነፍቶ ኦክስጅኑ ዝቅ ያለ ነው

ፓምፕ አትጨምሩ፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው። በ28 ዲግሪ የባሕር ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 6.4 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ድሬዳዋ ላይ 5.5 ገደማ፣ ሐረር ላይ 5.1 ገደማ ነው። መለኪያው ላይ የቦታውን እውነተኛ የአየር ግፊት አስገቡ፦ ለድሬዳዋ 880፣ ለሐረር 810 ሄክቶፓስካል አካባቢ። የአየር ትንበያ የሚሰጠው ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል የተስተካከለ ስለሆነ ያሳስታችኋል።

ቴርሞሜትሮቹ አይስማሙም

በተፈጨ በረዶና በተጣራ ውሃ ድብልቅ ውስጥ ሁሉንም በ0 ዲግሪ አመሳክሩ። በሚፈላ ውሃ አትሞክሩ፤ ድሬዳዋ ላይ ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

የብርሃን ምርት መለኪያው ቁጥር ይዘላል፣ ወይም እንስሳዋ ነጥታ ቁጥሩ ጤነኛ ነው

ፓም ፍሎሮሜትር (የብርሃን ምርት መለኪያው) የሚሰጠው ኤፍቪ/ኤፍኤም፣ ማለትም የአልጌው ብርሃን የመጠቀም ብቃት፣ በጤነኛ ኮራል 0.6 እስከ 0.7 አካባቢ ነው። ከመለካታችሁ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አቆዩ፤ የፋይበሩን ርቀትም በጎማ ቱቦ አጽኑት። ነጭ ሆና ጥሩ ቁጥር ካሳየች ግን መሣሪያው አልተበላሸም፤ የቀሩት ጥቂት አልጌዎች ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከአልጌ ቆጠራ ጋር አጣምሩ፦ እንስሳዋን ፍጩ፣ በሴንትሪፉጅ አልጌውን ለዩ፣ በሄሞሳይቶሜትር (በማይክሮስኮፕ ሥር በሚታይ ባለመስመር የመቁጠሪያ መስታወት) ቁጠሩ። የአንድ ሚሊሜትር ካሬ አማካይ ቆጠራ በ10,000 ሲባዛ በሚሊሊትር ያለውን ይሰጣል። በእንስሳዋ ፕሮቲን ካላካፈላችሁት ትልቋ አይፕታሲያ ሁልጊዜ ትበልጣለች።

በአንድ ገንዳ 20 እንስሳ አለ፣ ውጤቱ ግን ተቀባይነት አጣ

ለእያንዳንዱ ሙቀት አንድ ገንዳ ብቻ ካለ የሙቀቱን ከገንዳው ጠባይ መለየት አይቻልም። 20ው ሳይሆን ገንዳው ነው ናሙናው። ለእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 3 ገንዳ አዘጋጁ፣ ቦታቸውንም በዕጣ ደልድሉ።

የጂቡቲዋ ሙሻ ደሴት የሳተላይት ስሌት የማይታመን ቁጥር ሰጠ

የሙቀት ሳምንት ድምር (በ12 ሳምንት ውስጥ የተከማቸው ከልክ ያለፈ ሙቀት) 60 ከወጣ ለ7 አላካፈላችሁም። ከየቀኑ የባሕር ገጽ ሙቀት ላይ በቦታው የሚታወቀውን የሞቃታማውን ወር አማካይ ቀንሱ፤ ከ1 ዲግሪ በታች የሆነውን ጣሉ፤ የ84 ቀኑን ደምራችሁ ለ7 አካፍሉ። 2 ዲግሪ ብልጫ ለ4 ሳምንት 8 ይሆናል። በ4 ላይ መንጣት ይጠበቃል፣ በ8 ላይ ደግሞ የተስፋፋ መንጣትና ሞት። ድምሩ ዘወትር 0 ከሆነ መነሻውን ፈትሹ፦ በሞቃታማው ወር አማካይ ፋንታ የተመዘገበውን ከፍተኛ ሙቀት ያስገባ ሰው በጣም ሞቃታማውን ዓመት እንኳ ደህና ብሎ ያልፈዋል።