ማንቆርቆሪያ፣ በርጩማና ሁለት ጀሪካን፦ ቤት ውስጥ ምጥን በሙቅ ውሃ ማቅለል

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ያማጠችው በነሐሴ ነው፤ ጅማ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በሚያድርበት ወር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤቷ ደወለና ስልኩን ለእሷ ሰጣት። «ወገቤ ሊበጠስ ነው፣ ነይልኝ» አለችኝ። ምጡ መሃል ሆና ቃሏን ጨርሳ መናገር መቻሏን ስሰማ ገና መጀመሪያው ላይ እንዳለች ገባኝ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ከሴቷ ድምፅ ብዙ ነገር ይሰማኛል። ቤቷ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ነው፤ ለዚህ ቀን ብለን ያነጋገርነውን ባለባጃጅ ቀስቅሼ ሄድኩ።

ስደርስ አልጋው ላይ በጀርባዋ አስተኝተዋታል። ምጡ በመጣ ቁጥር የአልጋውን ብረት ትጨብጣለች፤ ጥርሷን ትነክሳለች፤ የእግሯ ጣቶች እንደ ጥፍር ይቆለፋሉ። አማቷ «ተኚ ልጄ፣ ጉልበትሽን ቆጥቢ» ይሏታል፣ አዝነውላት። በጀርባ መተኛት ግን የወገብ ሕመምን ያብሳል። የደም ግፊቷን ለካሁ፣ የልጁን የልብ ምት አዳመጥኩ፤ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ውሃ ይሙቅ አልኩ።

እዚህ የምጽፈው ያን ሌሊት ያደረግነውን ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ እናቶች ጋር ያየሁትን ጨምሬ። ቤት ውስጥ ልትወልዱ አይደለም። ምጡ ከጀመረ አንስቶ ጤና ተቋም እስክትደርሱ ያለውን ጊዜ ለማለፍ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር። በኦፕሬሽን የወለደች፣ የደም ግፊት አለብሽ የተባለች፣ መንታ የያዘች፣ ልጁ በመቀመጫው ወይም በአግድም እንደመጣ የተነገራት፣ 37 ሳምንት ሳይሞላት ምጥ የጀመራት ሴት ይህንን አትሞክር። ምጡ እንደጀመረ ቶሎ ትሂድ። ከከተማ ርቃችሁ በዴዶ፣ በሰቃ ጨቆርሳ ወይም በማና ገጠር ያላችሁ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ ባዘጋጀው የእናቶች ማቆያ ግቡ። በክረምት ጭቃ ሌሊት መኪና መጠበቅን የሚያክል ፈተና የለም።

ዝግጅቱ ከስምንተኛው ወር መጨረሻ ይጀምራል። ጅማ ዝናብ አያጣትም፣ ቧንቧው ግን በፈለጋችሁት ሰዓት ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጥ፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሩት። አንድ ባልዲ፣ አንድ ሳፋ፣ ሦስት ፎጣ፣ ፔርሙስና ማንቆርቆሪያ ይኑራችሁ። ማንቆርቆሪያ ስል ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለውዱእ የሚጠቀሙበትን ዓይነት ነው። ጆግም ይሠራል፤ ነገር ግን ጆግ በአንድ ጊዜ ይደፋል፣ ማንቆርቆሪያ ቀጭንና ሳይቋረጥ የሚወርድ ውሃ ይሰጣል። ለወገብ የሚስማማው ይኸው ነው። ከዚያ በርጩማ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ባለ ሦስት እግር ስለሆነ ያልተስተካከለ ወለል ላይ እንኳ አይወላገድም። ሲሚንቶው ርሶ እንዳያንሸራትት ታጥቦ የደረቀ የቡና ጆንያ ከእግሯ ሥር አንጥፉ።

የውሃው ልክ ትልቁ ጉዳይ ነው። «በጣም ሲሞቅ ይበልጥ ያሽላል» የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም። አያሽልም። ከመጠን ያለፈ ሙቀት የእናቲቱን የሰውነት ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ የልጁ ልብ ምት ይፈጥናል፣ እሷም ራሷን ያዞራታል። የሚፈለገው የሰውነታችን ሙቀት ያህል ነው፣ 37 ዲግሪ አካባቢ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 100 ሳይደርስ በ94 ግድም ነው፤ ቆዳ ለመላጥ ግን ከበቂም በላይ ነው። ቴርሞሜትር ለሌለው የምነግረው ልክ ይህ ነው፦ ሦስት እጅ ቀዝቃዛ፣ አንድ እጅ የፈላ። ባልዲው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይግባ፣ የፈላው በላዩ ይጨመር፣ በደንብ ይማሰል። ከዚያ ክርናችሁን ንከሩበት። ጣት ሥራ የለመደ ነው፣ ሙቀት ይችላል፤ ክርን ግን እውነቱን ይናገራል። ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ካልተሰማችሁ ልኩ ነው። መጨረሻ ላይ እሷው ራሷ በእጇ ትንካውና «ይሁን» ትበል።

ውሃው የሚሞቀው ውጭ ወይም ማድ ቤት ነው። ይህንን ደጋግሜ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በክረምት ብርድ ክፍሉ እንዲሞቅ ብለው ከሰሉን ከነምድጃው ያስገባሉ፣ በሩን ይዘጋሉ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ እናቲቱንም በሆዷ ያለውንም ልጅ ይጎዳል፣ ይገድላልም። በኤሌክትሪክ ማሞቂያ የምታሞቁ ደግሞ ሶኬቱን ሳትነቅሉ እጃችሁን ውሃው ውስጥ አታግቡ፤ ባልዲውም እሷ ካለችበት ይራቅ።

አሁን ወደ እህቴ ልመለስ። በርጩማው ላይ ፊቷን ወደ አልጋው አዙረን አስቀመጥናት። ክንዶቿን አልጋው ላይ በተጣጠፈው ጋቢ ላይ አሳረፈች፣ ግንባሯን በክንዷ ላይ። ጀርባዋ ለእኔ ተሰጠ። ደረቷን በነጠላ ሸፈንናት። ከበርጩማው ኋላ ውሃውን የሚቀበል ሳፋ አደረግን። ምጡ ሲጀምራት እጇን እንድታነሣልኝ ነገርኳት፤ መናገር አይጠበቅባትም። እጇ ብድግ ሲል ማንቆርቆሪያውን ከቆዳዋ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ ከወገቧ በላይ ካለው አጥንት ጀምሬ ወደ መቀመጫዋ ቀስ እያልኩ አወረድኩት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ።

በመጀመሪያው ደነገጠች። በሁለተኛው ትንፋሿ ረዘመ። በሦስተኛው ላይ ብረቱን የጨበጡት ጣቶች አንድ በአንድ ተፈቱ፤ የእግሯም ጣቶች ጆንያው ላይ ተዘረጉ። ምጡ አልቆመም፣ ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አየዋለሁ። ሰውነቷ ግን መታገሉን ተወ። አማቷ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ከዚያ በኋላ ያፈሰሱት እሳቸው ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ ረጋ ያለ እጅ ነበራቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጊዜው ነው። ሕመሙ ከፍ እስኪል አትጠብቁ፤ ገና ሲጀምር አፍስሱ፣ እስኪለቃት አታቋርጡ። ሲለቃት ደግሞ አቁሙ፤ ትከሻዋን በደረቅ ፎጣ አልብሱ፣ የራሰውን ጠርጉ። ርሳ ከተቀመጠች ትንቀጠቀጣለች፣ ብርዱ ጉልበቷን ይበላዋል። አንድ ሰው ያፍስስ፣ አንድ ሰው እሳቱንና ባልዲውን ይጠብቅ፣ የቀረው ቤተሰብ ወሬውን ወደ ሳሎን ይዞ ይውጣ። አንዷ ማርያም ማርያም ብትል፣ ሌላዋ ዱዓ ብታደርግ ጥሩ ነው፤ ምክር ግን ከአንድ አፍ ይበቃል። አንድ ሰዓት ያህል ከተደረገላት በኋላ ትነሣ፣ ትራመድ፣ ከፈለገች በጎኗ ትተኛ። ከዚያ ትመለሳለች።

ለምን እንደሚሠራ ወጣት ባሎች ይጠይቁኛል። ሙቀቱ የተወጠረውን ጡንቻ ያላላል። በቆዳዋ ላይ የሚሰማት ሙቀትና የውሃው መፍሰስ ከሕመሙ ጋር እኩል ወደ አእምሮ ስለሚደርስ ሕመሙ ብቻውን አይነግሥም። ፍርሃቷም ሲቀንስ ምጡ በራሱ መንገድ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ለምጥ ሕመም ማስታገሻ ማሸትንና ሞቅ ያለ ነገር መያዝን፣ እናቲቱ ከመረጠች፣ ይመክራል።

መፍሰሱን የማትወድ አለች፤ መገላለጥ የምታፍር አለች። ለእሷ ፎጣ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አጥብቃችሁ ጨምቁት፣ በራሳችሁ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ከቀሚሷ በላይ ወገቧ ላይ በመዳፋችሁ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ሲቀዘቅዝ ቀይሩ። ሁለተኛው ፎጣ ሳፋው ውስጥ ይጠብቃችሁ። ለብ ያለ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በነጠላ ጠቅልሎ ወገብ ሥር ማድረግም ይቻላል፤ የፈላ ግን አይጨመርበት። እግሯን ሳፋ ውስጥ መንከርም ደግ ነው። ለፊቷና ለአንገቷ ደግሞ ተቃራኒው፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተጨመቀ ጨርቅ።

በውጭ ያፈሰስነው ውሃ በውስጥም ያስፈልጋታል። በየምጡ መሃል አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃ፣ ወይም ስኳር ያለው ቀጭን ሻይ፣ ወይም አጥሚት። በየሁለት ሰዓቱ ሽንት ትሽና፤ የሞላ ፊኛ ሕመሙን ይጨምራል፣ የልጁንም መውረጃ ያጣብባል።

ሳፋ ውስጥ ልቀመጥ ወይ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ነው። እኔ አልመክርም። ውሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ለመነሣትም አስቸጋሪ ነው። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ በኋላማ ፈጽሞ አይሆንም። ወደ ብልት ውስጥ ውሃ መርጨት ወይም ማጠብም በየትኛውም ሰዓት ክልክል ነው።

የሚቀጥለውን ለሚያፈስሰው ሰው ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም እሷ ሰዓት አታይም። ውሃው ስላሻላት ብቻ ቤት አታቆዩአት። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ ምጡ በየአምስት ደቂቃው መምጣትና አንድ ደቂቃ ገደማ መቆየት ሲጀምር ማንቆርቆሪያው ይቀመጥ፣ ባጃጁ ይጠራ። ከዚህ በፊት የወለደች ከሆነ ምጡ እየተመላለሰ እንደመጣ ወዲያው ተነሡ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ መንገድ ላይ ሊቀድም ይችላል። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰም ሰዓት ሳትቆጥሩ ሂዱ። ውሃው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ደም ከፈሰሰ፣ ልጁ መንቀሳቀሱን ካቆመ ወይም ከቀነሰ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ካተኮሳት፣ ካንቀጠቀጣት፣ እትብት ከታየ አንድ ማንቆርቆሪያ እንኳ አትጨምሩ። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ወሊድ በነጻ ነው፤ ገንዘብ እስኪገኝ ብሎ የሚቆይ እንዳይኖር። የአምቡላንሱና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስልክ ወረቀት ላይ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ በዚያ ሰዓት ስልክ ውስጥ ስም የሚፈልግ እጅ ይንቀጠቀጣል።

እህቴን ሊነጋ ሲል ነው ያነሣናት። ፔርሙሱን በሙቅ ውሃ ሞልተን፣ አንድ ንጹሕ ፎጣ በፌስታል ይዘን ሄድን። ይህንን እናንተም አድርጉት። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የልጁ ራስ መታየት ሲጀምር በብልቷና በፊንጢጣዋ መካከል ባለው ስስ ቦታ ላይ ሞቅ ያለ እርጥብ ጨርቅ መያዝ ክፉ መቀደድን ይቀንሳል። አዋላጇን በትሕትና «ሙቅ ጨርቅ ይደረግላት ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። የእህቴ አዋላጅ ጨርቁን አዘጋጅታ የያዘችላት እኔ ሳልጠይቃት ነው።

ረፋድ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። አማቷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ግንባሯን ከሳሙ በኋላ ፔርሙሱን ነቀነቁት፤ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ከቧንቧው ቀዝቃዛ ጨምረው፣ በክርናቸው ለክተው፣ እግሯን አጠቡላት።