አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሃርድዌርን በፕሮግራም ለመቆጣጠር ቋንቋና ኮምፓይለር ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ትልቁ ስህተት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሳያዩ ቋንቋ መምረጥ ነው። «ሲ ይሻላል ወይስ ፓስካል?» ከማለታችሁ በፊት ማሽኑ ላይ ምን እንደተጫነ እዩ። ድሮ ፕሪንተር ይሰካበት የነበረውን ፓራለል ፖርት እንውሰድ። አድራሻው ብዙ ጊዜ በሄክሳዴሲማል 378 ነው። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ዶስ ላይ፣ ቱርቦ ፓስካል በተባለው የፓስካል ኮምፓይለር አንድ መስመር ጽፋችሁ ወደዚያ አድራሻ 255 ብትልኩ፣ ከ2 እስከ 9 ያሉት ፒኖች በሙሉ ወዲያው ቮልቴጅ ያገኛሉ። ከልካይ የለም። ዊንዶውስ 98ም ብዙ አያስቸግርም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ግን ተራ ፕሮግራም ፖርቱን በቀጥታ ልንካ ቢል ሲስተሙ ያስቆመዋል፤ መሃል የሚገባ ድራይቨር ያስፈልጋል። ሊኑክስ ደግሞ የሩት (የዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ቋንቋ ብትቀያይሩ ምንም አትጠቀሙም።

አዲስ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ሁሉ ይሻላል ብሎ ማሰብም አያዋጣም። ዲጄጂፒፒ የተባለው የዶስ ሲ ኮምፓይለር ግሩም ነው፤ ግን 386 ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ከዚያ ለሚያንሱት ለ286 እና ለ8088 ፕሮሰሰሮች ኦፕን ዋትኮም የተባለውን ኮምፓይለር እመክራለሁ። ኮዱን ዘመናዊ ኮምፒውተር ላይ ጽፋችሁ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም ያወጣላችኋል።

ጊዜን በባዶ ሉፕ (ምንም ሳይሠራ በሚደጋገም ኮድ) መለካት ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። የሉፑ ርዝመት በፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይወሰናላ! ቱርቦ ፓስካል 7 ራሱ በዚህ ተይዟል። የስክሪንና የጊዜ መጠበቂያ ትዕዛዞችን የያዘው የሲአርቲ ዩኒቱ ሲነሳ በ55 ሚሊሰከንድ ውስጥ ስንት ዙር እንደሚዞር ቆጥሮ ለ55 ያካፍላል። ፈጣን ፔንቲየም ላይ ውጤቱ ከ16 ቢት ያልፍና፣ ፕሮግራሙ ገና ከመነሳቱ ስህተት ቁጥር 200 ብሎ ቀጥ ይላል። መፍትሔው የሰዓት ቺፑን ማንበብ ነው። ፕሮሰሰሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም፣ እሱ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ ገደማ ይቆጥራል።

በሲ የምትጽፉ ከሆነ ቮላታይልን (ኮምፓይለሩ ቁጥሩን ሁልጊዜ እንደ አዲስ እንዲያነብ የሚያዝ ቃል) አትርሱ። የባዮስን (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የሰዓት ቆጣሪ እያየ የሚጠብቅ ሉፕ ያለ እሱ ከተጻፈ፣ ኮምፓይለሩ ቁጥሩን አንዴ ብቻ አንብቦ ሊይዘው ይችላል። ያኔ ሉፑ አያልቅም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚያፈጥንበት አማራጭ) ሲበራ ስለሆነ ፈልጎ ማግኘቱ ያደክማል።

ኢሙሌተር (አሮጌ ማሽንን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ብቻ ሞክራችሁ ጨርሰናል አትበሉ። ዶስቦክስ ለጅማሬ ጥሩ ነው፤ የእውነተኛውን ቺፕ የጊዜ አጠባበቅ ግን አይተካም። የዩኤስቢ ፓራለል ገመድ ገዝቶ 378ን መፈለግም ከንቱ ልፋት ነው። እነዚህ ገመዶች በአብዛኛው ለፕሪንተር ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ በዚያ አድራሻ አይገኙም። ማሽኑ ክፍት የአይኤስኤ (የድሮ ካርድ መሰኪያ) ቦታ ካለው እውነተኛ የፓራለል ፖርት ካርድ ሰኩበት።