የባዛር መብራት ስትዘረጉ ርቀቱን መጀመሪያ ለኩ

ባዛር ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚታማው ትራንስፎርመሩ ነው። እኔ ሜዳ ላይ ለድንኳን መብራት የምዘረጋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። እንዳየሁት ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው ከዋናው ቦርድ (መብራቱ ከሚከፋፈልበት ሳጥን) ወዲህ ነው። ገመድ ሲመረጥ አምፔሩ ይታያል፣ ርቀቱ ይረሳል። ቤት ውስጥ ያን ያህል አይጎዳም። ሜዳ ላይ ግን ወሳኙ ርቀት ነው።

የእንጀራ ምጣድ እንውሰድ። 3500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ይህን ይችላል። ምጣዱ ከቦርዱ 60 ሜትር ቢርቅስ? ይህ ገመድ በእያንዳንዱ አምፔርና በእያንዳንዱ ሜትር 18 ሚሊ ቮልት ገደማ ይጥላል። 16ን በ60፣ ከዚያ በ18 አባዙት፤ 17,280 ሚሊ ቮልት፣ ማለትም 17 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። የምጣዱ ኃይል በ500 ዋት ገደማ ይወርዳል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ጋጋሪዋ ጥፋቱ የሊጡ ይመስላታል።

ለባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ 11፣ ለባለ 6 ደግሞ 7.3፣ ለባለ 10 4.4 ሚሊ ቮልት ብላችሁ አስሉ። ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሶኬት የሚጠፋው ቮልት በጠቅላላ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ። እኔ 2ቱን ለዋናው ገመድ፣ 3ቱን ለቅርንጫፎቹ እተዋለሁ።

አንድ ባለ 40 ድንኳን ባዛር እንይ። 30 የልብስና የጫማ ድንኳን በ500 ዋት፣ 6 የቡናና የጁስ በ2000፣ 4 የምግብ በ5000 ብንይዝ ድምሩ 47 ኪሎ ዋት ነው። በስሪ ፌዝ (በሦስት መስመር በሚመጣው 380 ቮልት) 75 አምፔር ገደማ ይሆናል። ሁሉም አንዴ አይሠራም ብላችሁ ብዙ አትቀንሱ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ምጣዱም ምድጃውም እኩል ይበራል። ለ80 ሜትር ባለ 35 ዋና ገመድ ብትዘረጉ የሚጠፋው 7 ቮልት አይሞላም፤ ከ380ው 2 በመቶ እንኳ አይደርስም።

ዋናውን ገመድ ድንኳኖቹ መሃል አድርሱትና ትንንሽ ቦርዶችን እዚያ አስቀምጡ። የምግብ ድንኳኖች ለቦርድ ቅርብ ይሁኑ። 20 ሜትር ላይ ላለ ምጣድ ባለ 4 ገመድና ባለ 20 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ምጣድ ሰዓታት ስለሚሠራ ተራ ሶኬት ላይ ሰክታችሁት አትሂዱ፣ ይቀልጣል። ሰማያዊውን ባለ 32 አምፔር የኢንዱስትሪ ሶኬት ተጠቀሙ።

ለልብስ ድንኳኖች አራት አራቱን በአንድ ባለ 16 አምፔር ብሬከርና በባለ 2.5 ገመድ አገናኙ። አንዱ ውኃ ማፍያ ቢሰካ የሚጨልሙት አራቱ ብቻ ናቸው። ፓውዛዎችና የድምፅ መሣሪያ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው፤ ሰው በተሰበሰበበት መጨለም አደጋ ነው።

ምጣዶቹን ለሦስቱ ፌዞች አከፋፍሉ። ኒውትራሉን (የጋራ መመለሻውን ገመድ) ደግሞ ራሳችሁ አጥብቁ፣ ለረዳት አትተዉት። ኒውትራል ከተላቀቀ አንዳንዱ ድንኳን ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ይደርሰዋል፤ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ይቃጠላል።

የእንቁጣጣሽ ባዛር ክረምቱ ሳያበቃ ስለሚጀመር ዝናብ አይቀርም። ስለዚህ እያንዳንዱ የሶኬት መስመር ባለ 30 ሚሊ አምፔር ኧርዝ ሊኬጅ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ይኑረው። ለሁሉም አንድ ብቻ ካደረጋችሁ አንድ እርጥብ ድንኳን ባዛሩን ሁሉ ያጨልማል፤ ያን ጊዜ አንዱ ተናዶ ኧርዝ ሊኬጁን ዘሎ መስመሩን በቀጥታ ያገናኘዋል። ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው። መጋጠሚያ መሬት ላይ አይዋል፤ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ተጠቅልሎ የቀረ ገመድም ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ዘርጉት።

በዋዜማው ሁሉንም አብሩና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ መጨረሻ ድንኳን ሄዳችሁ ቮልቱን ለኩ። መነሻው 220 ሆኖ እዚያ ከ209 በታች ካነበባችሁ ገመዱን ቀይሩ ወይም ቦርዱን አስጠጉ።