የከተማን ማህተም ከዳር ወደ መሃል ማንበብ

ሱቄ ካራቆሬ ነው፣ ጅማ መንገድ ዳር። ቲተርና ክብ ማህተም እሠራለሁ። አዲስ አበባ እዚሁ አካባቢ አልቃ ሸገር ከተማ ይቀጥላል፤ ስለዚህ የሁለቱም ወገን ወረቀት እጄ ይገባል። ሰው ማህተም ሲያይ "አለው? የለውም?" ብሎ ነው የሚያልፈው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ብዙ ያወራል።

መጀመሪያ ስዕሉን ተዉት። ከቀለበቱ ጀምሩ። ቀለበቱ የባለቤቱን ስም ይናገራል፤ ስሙ ደግሞ ዘመኑን ያጋልጣል። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ቡራዩና ሰበታ ክፍለ ከተማ ሆነዋል። ቀለበቱ ላይ "የሰበታ ከተማ አስተዳደር" የሚል ካያችሁ፣ ቀኑን ሳታዩ እንኳ ወረቀቱ የቆየ መሆኑን ትገምታላችሁ።

ያረፈበትንም ቦታ ልብ በሉ። ዛሬ ማህተም ከታች፣ ፊርማው አጠገብ ነው የሚመታው። የአፄ ምኒልክ ደብዳቤዎች ላይ ግን አናት ላይ ነው። ንጉሡ አይፈርሙም ነበር፤ ፊርማቸው እሱ ነው። መሃሉ ላይ ዘውድ የጫነ አንበሳ ቆሟል። ዙሪያውን "ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" ብሎ ስማቸውንና ማዕረጋቸውን ያስከትላል።

ቀጥሎ ዓመቱን ፈልጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ማህተም አናት ላይ ከእሳት የምትነሳው ወፍ፣ ፊኒክስ አለች። ያያት ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1906 የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ያስባል። ማህተሙ ግን የጸደቀው በ1859 ነው! ወፏ የምታስታውሰው ከ1849 እስከ 1851 ከተማዋን ደጋግሞ የበላትን እሳት ነው። አትላንታም ያችኑ ወፍ ይዛለች። እሷ ግን 1847 እና 1865 ብላ ሁለት ዓመት ጽፋለች፤ ከተማ የሆነችበትንና በእርስ በርስ ጦርነቱ ከነደደች በኋላ መልሳ መገንባት የጀመረችበትን።

አሁን ወደ መሃል ግቡ። እዚያ ያለቦታው የመጣ የሚመስል ነገር ካለ እሱን ያዙ። ፓሪስ ባሕር የላትም፤ አርማዋ ላይ ግን መርከብ አለች። ምክንያቱም መርከቧ በመካከለኛው ዘመን በሴን ወንዝ የሚነግዱ ሰዎች ማህተም ነበረች። ገንዘቡም ሥልጣኑም እነሱ ጋ ስለነበር ምልክታቸው የከተማዋ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ስዕሉን ስታዩ "ያኔ እዚህ አገር አዛዡ ማን ነበር?" በሉ።

የሎስ አንጀለስ የ1905ቱ ማህተም መልሱን ራሱ ይዘረዝርላችኋል። ጋሻው አራት ቦታ ተከፍሎ የአሜሪካ ኮከብና መስመር፣ የካሊፎርኒያ ድብ፣ የሜክሲኮ ንስርና እባብ፣ የስፔን አንበሳና ግንብ ተደርድረውበታል። ወይን፣ ወይራና ብርቱካንም አለ። ዙሪያውን ደግሞ የመቁጠሪያ ዶቃ፣ ለስፔን ሚስዮናውያን መታሰቢያ። ለታሪክ ግሩም ነው። በ4 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ላይ ቅረጽልኝ ብትሉኝ ግን እሺ አልልም። ቀለም ሲነካው የእባቡ ጭራና የንስሩ እግር ተጣብቀው ሰማያዊ ድፍን ነገር ነው የሚሆኑት።

የእድር ወይም የማኅበር ማህተም የምታሠሩ ከሆነም ይሄን አትርሱ። በቅርቡ አንድ የእድር ሽማግሌ ድንኳን፣ ድስት፣ የተጨባበጠ እጅና ርግብ ባንዴ ይግባልኝ አሉ። "አባባ፣ አንዱን ይምረጡ" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ድስቱን መረጡ። በጣም አምሮ ወጣ።

ስትረከቡ እዚያው ሞክሩት። አንዴ ቀለም አስነክታችሁ ሦስት ጊዜ ምቱ። ሦስተኛው ላይ የቀለበቱ ፊደል ካልተነበበ አትቀበሉ። ስትመጡ ደግሞ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ። ያለ ደብዳቤ ክብ ማህተም አልሠራም፣ ለዘመዴም ቢሆን።