ክልል አቀፍ የንባብ ፕሮግራምን ጅማ እስካለ አንደኛ ክፍል እንዴት ማድረስ ይቻላል?

አምና ጅማ ውስጥ በአማርኛ ከሚማሩ የአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር ተቀምጬ ነበር። አንዲት ልጅ መጽሐፏን ይዛ ገጹን ሳትደናቀፍ ወረደችው። ጣቷ ግን ሥዕሉ ላይ ነው። ዙሪያውን በወረቀት ሸፍኜ «ቡና» የምትለዋን ቃል ብቻ አስቀረሁላትና «ይቺስ?» አልኳት። ዝም አለች። ገጹን ሸምድዳዋለች። መምህሯ ይህን ያላወቁት በኅብረት ስለሚነበብ ነው፤ 60 ልጅ አንድ ላይ ሲጮህ ያልቻለው አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ በ7 የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ መምህራንም ሠልጥነዋል። ከክልል ትምህርት ቢሮ የተነሣ ፕሮግራም ልጇ ጋ ደረሰ የሚባለው ግን አንድ ሰው ለብቻዋ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጣት ነው። ርዕሰ መምህር፣ መምህር ወይም ወላጅ ከሆናችሁ ከዚሁ ጀምሩ።

መጀመሪያ አዳምጡ። በጥቅምት አንድ አጭር ታሪክ በወረቀት ጻፉ፤ በስልካችሁ 1 ደቂቃ ቁጠሩ፤ ልጁ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት መዝግቡ። ለአንድ ልጅ 2 ደቂቃ ቢፈጅ በቀን 12 ልጅ 24 ደቂቃ ነው፤ 60ው በ5 ቀን ያልቃል። ውጤቱን በክፍል ፊት አታንብቡ። ልጅ አንዴ ካፈረ አፉን አይከፍትላችሁም።

ቀጥሎ ፊደሉን ከዜማው አላቅቁት። «ሀ ሁ ሂ» እያለ በተርታ የወረደ ልጅ «ኑ» የትኛው ነው ሲሉት ከ«ነ» ጀምሮ ይቆጥራል። 33 ፊደላት በ7 ቤት 231 ናቸው፤ ሁሉንም ጨርሶ ቃል እስኪጀምር አትጠብቁ። በ«በ» እና በ«ነ» ዘር ብቻ «ቡና» ይጻፋል፤ በዚያው ቀን ያንብበው። ካዕብ (ሁለተኛው ቤት) አያስቸግርም፤ ብዙውን ጊዜ ቀኝ ጎኑ ላይ ትንሽ ጭረት ነው፦ ቡ፣ ኑ፣ ሉ፣ ሱ። ሳድስ፣ ማለትም ስድስተኛው ቤት፣ ግን መልኩ ወጥ አይደለም (ብ፣ ን፣ ል፣ ር)፤ አናባቢ ድምፁም አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። እኔ ብሆን ለሳድስ ብቻ ከሌሎቹ እጥፍ ቀን እሰጠው ነበር። ሀ፣ ሐ እና ኀን የቀላቀለ የአንደኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ኤክስ አይገባውም፤ ድምፁን አውቆታል።

ጅማ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ብዙ ልጆች ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፤ ቁቤም ይማራሉ። በቁቤ የሚጠብቅ ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል፤ በእኛ ፊደል ግን ምልክት የለውም። «ገና ገና አልደረሰም» ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። የመጀመሪያው ጠብቆ በዓሉ ነው፤ ሁለተኛው ይላላል። ልጆቹ ሁለቱንም እየሞከሩ የቱ ትርጉም እንደሚሰጥ ራሳቸው ይድረሱበት። ልጁ ቃሉን በትክክል አንብቦ ትርጉሙ ከጠፋበት ችግሩ የንባብ አይደለም፤ በአፋን ኦሮሞ ንገሩት። «ቡና» በሁለቱም ቋንቋ ትርጉሙ አንድ ነው፣ በአማርኛ «ና» ከመጥበቁ በቀር፤ ለመጀመሪያ ቃል የመረጥኩት ለዚህም ነው።

ከዚያ ሱፐርቫይዘሩን ያዙ። ሲመጣ የትምህርት ዕቅድ ፈርሞ ከሚሄድ 5 ልጆች አዳምጦ ከመምህሯ ጋር ይነጋገር። የአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ሕግ አውጥታ ደካማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የንባብ አሠልጣኞችን መደበች፤ የልጆቹንም ንባብ በዓመት 3 ጊዜ መመዘን ጀመረች። በአራተኛ ክፍል ንባብ ከአገሪቱ 49ኛ የነበረችው በ2019 29ኛ ሆነች። አሠልጣኙ ክፍል ውስጥ መግባቱ ትልቅ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ።

ቤት ውስጥ ማታ 10 ደቂቃ ይበቃል። ፊደል ያልቆጠረች እናት «ጣትሽን ቃሉ ላይ አድርጊ» ማለት አያቅታትም። ሂርማታ ገበያ ስትወርዱም የሱቅ ማስታወቂያ አስነብቡ።

በጥርና በግንቦት ምዘናውን ድገሙት። ታሪኩን ግን ቀይሩት፤ ያው ገጽ ከቀረበ ሸምድደውት ይመጣሉ።