የፈረንሳይኛና የጀርመንኛ ትምህርት ግብ ስናወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል ሲከፈት የቋንቋ መምህራን ብዙ ጊዜ ተማሪውን የዓመቱን ግብ ጻፍ ይሉታል። የሚጻፈውም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። «ፈረንሳይኛ አቀላጥፌ መናገር።» «ጀርመንኛ ላይ ኤ ማምጣት።» «ሰዋስው በደንብ ማወቅ።» ወላጅ አይቶ «ጎሽ፣ በርታ!» ይላል። ኅዳር ላይ ወረቀቱ የት እንደገባ የሚያስታውስ የለም።

ልጁ ሰንፎ አይደለም። ግቡ የሚጨበጥ ነገር ስለሌለው ነው። እንደ እኔ ከሆነ ጥሩ ግብ ማለት አንድ ሰው ድንገት «እስቲ አሁን አሳየኝ» ቢል ልጁ እዚያው ሊያሳየው የሚችለው ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

«አቀላጥፎ መናገር»ን ግብ ማድረግ

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ክፍለ ጊዜ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ነው። የትምህርት ዓመቱ በብዙ ግዛቶች 180 ቀን ገደማ ነው። ክፍሉ በየቀኑ ቢኖር እንኳ በዓመት ከ135 እስከ 150 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ላይ የፈተና ቀን፣ በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ቀን፣ ተተኪ መምህር መጥቶ ፊልም የታየበት ቀን ይቀነሳል። አራት ዓመት ሙሉ ተምሮ 500 ሰዓት ያገኘ ልጅ ዕድለኛ ነው።

አሁን ከዲፕሎማቶች ጋር እናወዳድረው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የራሱ ማሠልጠኛ ተቋም አለው። ሠራተኞቹ በቋንቋው ሥራ መሥራት እንዲችሉ ለፈረንሳይኛ 30 ሳምንት ወይም 690 ሰዓት ገደማ፣ ለጀርመንኛ 36 ሳምንት ወይም 830 ሰዓት ገደማ ይመድባል። ተማሪዎቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሌላ ሥራ የለባቸውም፤ ደመወዝ እየተከፈላቸው ነው የሚማሩት። (ለአማርኛ የተመደበው 1,000 ሰዓት ገደማ ነው። እኛ በነጻ አግኝተነዋል።)

ታዲያ በ500 ሰዓት ምን ይጠበቅ? የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያወጣው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃ አለው። በአራት ዓመት ሃይስኩል ኤ2ን አልፎ ወደ ቢ1 የተጠጋ ልጅ በጣም ጥሩ ሠርቷል። ቢ1 ሲባል ጉዞ ላይ ችግር ቢገጥመው ተናግሮ መውጣት፣ የደረሰበትን መተረክ፣ ሐሳቡን በአጭር ምክንያት ማስረዳት ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። «አቀላጥፎ መናገር» ከሚለው ጋር ሲወዳደር ግን ያንስበትና ልጁ «ለቋንቋ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

የሰዋስው ርዕስን እንደ ግብ መጻፍ

አሜሪካ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚማር ልጅ ብዙውን ጊዜ «ዶክተር ሚስስ ቫንደርትራምፕ» የምትባል ሴት ያውቃል። ሰው አይደለችም። በኃላፊ ጊዜ «አቯር» የተባለውን ረዳት ግሥ ትተው «ኤትር» የተባለውን የሚይዙ ግሦች የመጀመሪያ ፊደላቸው ተገጣጥሞ የተሠራ የማስታወሻ ስም ነው። ልጁ ዝርዝሩን በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል። ፈተናው ላይም 95 ያመጣል። ሰኞ ጠዋት መምህሯ «ቅዳሜና እሁድ የት ሄድክ?» ስትለው ግን «ዤ አሌ» ብሎ ይጀምራል። ትክክሉ «ዠ ስዊ ዛሌ» ነበር።

ይህ ልጅ «ፓሴ ኮምፖዜን (ይህንኑ የኃላፊ ጊዜ) መጨረስ» የሚለውን ግቡን አሳክቷል። መናገር ግን አልቻለም። ግቡ እንዲህ ቢጻፍ ኖሮስ? «ወረቀት ሳላይ ቅዳሜና እሁድ ስላደረግኩት ነገር ስድስት ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ። ቢያንስ ሁለቱ የሄድኩበትን ቦታ ይናገራሉ።» የመጨረሻዋ ሐረግ ለጌጥ አልገባችም። «ሄድኩ» ለማለት «ኤትር» የግድ ነው። ሰዋስው እዚያው ውስጥ አለ፤ አሁን ግን ሥራ ይዟል። ጀርመንኛም በኃላፊ ጊዜ «ሃበን»ና «ዛይን» የሚባሉ ሁለት ረዳት ግሦች ስላሉት ያው ግብ ሳይለወጥ ይሠራል።

እንዲህ ዓይነት ግብ ከባዶ መፍጠር ለሚከብደው አክትፍል የተባለው የአሜሪካ የቋንቋ መምህራን ድርጅት «እችላለሁ» እያሉ የሚሄዱ ዓረፍተ ነገሮችን በየደረጃው ከፋፍሎ በነጻ አስቀምጧል። ከዚያ መርጦ ወደ ራስ ሕይወት ማምጣት ነው።

ለሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ግብ ማውጣት

ታላቅ እህት ፈረንሳይኛ፣ ታናሽ ወንድም ጀርመንኛ ይይዛሉ። ወላጅም በአንድ ዓይን ያያቸዋል። ሁለቱ ቋንቋዎች ግን የሚከብዱበት ቦታ ለየቅል ነው።

ፈረንሳይኛ መጀመሪያ የሚከብደው ጆሮ ላይ ነው። «እናገራለሁ»፣ «ትናገራለህ»፣ «ይናገራሉ» የሚሉት ግሦች ሲጻፉ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ሲነገሩ ሦስቱም «ፓርል» ናቸው። ቁጥርማ አይነሳ። ፈረንሳዮች ስልክ ቁጥር የሚናገሩት ሁለት ሁለት አኃዝ እያጣመሩ ነው። ልጁ «ሷሳንት» ሲል ሰምቶ 6 ይጽፋል። ወዲያው «ካንዝ» ይከተላል። ስልሳና አሥራ አምስት፣ ማለትም 75 ነው። ሰርዞ እስኪያስተካክል ሁለት ጥንድ አልፎታል። ስለዚህ ለአንደኛ ዓመት ፈረንሳይኛ «አሥር አኃዝ ያለው ስልክ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሰምቼ በትክክል እጽፋለሁ» የሚለው ትልቅ ግብ ነው። ያልተዘጋጁበትን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠየቅ አይደለም።

ጀርመንኛ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እንደተጻፈ ይነበባል ማለት ይቻላል፤ ልጁ በጥቂት ወራት ያላየውን አንቀጽ ጮክ ብሎ ሊያነብ ይችላል። (ቁጥሩ ግን እዚያም ያስቸግራል፤ 75ን «አምስትና ሰባ» ነው የሚሉት።) ጀርመንኛ የሚከብደው ዓረፍተ ነገር ሲገጣጠም ነው። እያንዳንዱ ስም ጾታውን የሚያሳይ ዴር፣ ዲ ወይም ዳስ የሚል መነሻ ቃል አለው፤ ብዙ ቁጥሩም በአንድ ሕግ አይሄድም። ጠረጴዛ በፈረንሳይኛ ሴት ነው፣ በጀርመንኛ ወንድ። ልጃገረድ ደግሞ በጀርመንኛ ወንድም ሴትም አይደለችም። ስለዚህ «200 ቃል ማወቅ» የሚል ግብ ጀርመንኛ ላይ ኪሳራ ነው። 80 ስም ከነመነሻ ቃሉና ከነብዙ ቁጥሩ የያዘ ልጅ፣ 200 ስም ባዶውን ካጠናው ይበልጣል። ያኛው በሁለተኛው ዓመት ሁሉንም እንደገና ሊያጠና ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ልጆች የተደበቀ ስንቅ አላቸው። በጀርመንኛ «ቫይል»፣ ማለትም «ምክንያቱም»፣ ከተባለ በኋላ ግሡ መጨረሻ ላይ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀው ጓደኛቸው ግራ ሲገባው፣ ቤት ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ልጅ ግሡን እስከ መጨረሻው መጠበቅ ለምዶታል። በፈረንሳይኛ «ቱ»ና «ቩ»፣ በጀርመንኛ «ዱ»ና «ዚ» (አንተና አንቱ እንደማለት) መቼ እንደሚባልም አክስቱን አንቱ እያለ ያደገ ልጅ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ይህን ለልጁ ንገሩት። ማንም አይነግረውም።

አራቱን ችሎታዎች አንድ ላይ መጨፍለቅ

ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አብረው አያድጉም። ፈተናዎቹም ይህን ያውቃሉ። ዴልፍ የተባለው የፈረንሳይኛ ፈተና እያንዳንዱን ክፍል ከ25 ያርማል። ለማለፍ በድምሩ ከ100 50 ይበቃል፤ ግን በአንዱ ክፍል ከ5 በታች ያመጣ ይወድቃል። የጎተ ኢንስቲትዩት የጀርመንኛ ቢ1 ፈተና ደግሞ አራት የተለያዩ ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ላይ 60 ከመቶ ያስፈልጋል፤ ለየብቻ መፈተንም ይቻላል። በጽሑፍ ጎበዝ ሆኖ ሲናገር አፉ የሚተሳሰር ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። ለእያንዳንዱ ችሎታ አንድ አንድ ግብ ቢኖር በቂ ነው። የመናገሩ ግብ ከሌሎቹ አንድ እርከን ዝቅ ቢል ነውር የለውም።

ሪፖርት ካርድንና አፕን ማመን

ኤ ማለት የቤት ሥራ በሰዓቱ ገብቷል፣ ፈተናው በደንብ ተሠርቷል ማለት ነው። ጥሩ ነው። ችሎታውን ግን ላይናገር ይችላል። ዱኦሊንጎ ላይ የተቆጠሩ ተከታታይ ቀናትም ያው ናቸው፤ ልጁ አፑን በየቀኑ መክፈቱን ነው የሚያሳዩት።

የት እንደሚያደርስ ሳይጠይቁ መጀመር

«ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ነጻ ነው» የሚለውን ሰምቶ ልጁን ጀርመንኛ ያስመዘገበ ወላጅ ብዙ ነው። በአብዛኛው እውነት ነው፤ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ግዛት ግን ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይጠይቃል። ቁም ነገሩ ግን ቋንቋው ነው። በጀርመንኛ ለሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ሲ1 አካባቢ የሚደርስ ችሎታ ይፈለጋል። ፈረንሳይ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ቢ2 ነው። ሃይስኩል ቢ1 ላይ ካደረሰው፣ የቀረው መንገድ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ተጨማሪ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። ይህ በ9ኛ ክፍል ከታወቀ ዕቅድ ይሆናል። በ12ኛ ክፍል ሲታወቅ ግን ድንጋጤ ነው።

ባህልን ክሩዋሳንና ቢራ ላይ ማቆም

የባህል ግብ ሲባል ኤፍል ታወርን ሥሎ መለጠፍ ሆኗል። ፈረንሳይኛ ግን ጎረቤታችን ጅቡቲ ውስጥ ከዓረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ ዳካርና ኪንሻሳም ይሠራበታል። በቤልጂግና በስዊዘርላንድ ደግሞ 90ን ፓሪስ ውስጥ እንደሚባለው «አራት ሃያና አሥር» አይሉትም፤ «ኖናንት» ብለው ይገላገላሉ። «ከጅቡቲ ሬዲዮ የሦስት ደቂቃ ዜና ሰምቼ ስለ ምን እንደሆነ እናገራለሁ» የሚል ግብ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ በጣም ደስ ይላል።

አማርኛውን ከሒሳቡ መርሳት

በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሕግ የጸደቀ «ሲል ኦፍ ባይሊተረሲ» የሚባል ማረጋገጫ አለ። ዛሬ በአብዛኞቹ ግዛቶች ይሰጣል። ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ ቋንቋ በሚገባ የሚያውቅ ተማሪ ዲፕሎማው ላይ ማኅተም ያገኛል። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ልጁን በፈረንሳይኛው ወይም በጀርመንኛው እንዲያገኘው ይገፉታል። አማርኛም ተፈትነው የሚያገኙበት ዕድል እንዳለ የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። የሚፈለገው ደረጃና ተቀባይነት ያለው ፈተና ከግዛት ግዛት፣ አንዳንዴም ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። አማርኛ የሚናገር ግን ፊደል ያልቆጠረ ልጅ በማንበብና በመጻፍ ሊወድቅ ስለሚችል፣ የ10ኛ ክፍል ክረምት ለፊደል ይሁን። ካውንስለሩን የትኛው የአማርኛ ፈተና ተቀባይነት እንዳለውና ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ መጠየቅ ያለበት ደግሞ በ11ኛ ክፍል መጀመሪያ ነው።