ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት፦ የውድ ገጸ ባሕርይ ሐውልቶችን ገበያ እንዴት ማንበብ እንደሚቻል

ሐውልት ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን በአደባባይ የቆመው የአፄ ምኒልክ ወይም የአቡነ ጴጥሮስ ምስል ነው። እዚህ የምናነሣው ግን መደርደሪያ ላይ የሚቆመውን፣ ባትማንን ወይም ስፓይደርማንን ወይም የጃፓን አኒሜ ጀግኖችን የሚወክለውን፣ በእጅ ተቀብቶና በተወሰነ ቁጥር ተመርቶ ለሰብሳቢዎች የሚሸጠውን ሐውልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ሳይድሾው፣ የቶኪዮው ፕራይም ዋን ስቱዲዮ፣ የሲንጋፖሩ ኤክስኤም ስቱዲዮስ፣ የብራዚሉ አይረን ስቱዲዮስና የኒውዚላንዱ ዌታ ወርክሾፕ በዚህ ሥራ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። የሰውን ቁመት አንድ አራተኛ የሚያህል ሐውልት ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከ600 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል፤ አንድ ሦስተኛ የሚያህለው ደግሞ 1,000 ዶላርን በቀላሉ ይሻገራል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው፣ ዕቃውን የቱንም ያህል ቢወደው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስንት እንደሚያወጣ ማሰቡ አይቀርም።

በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ከመቆሚያው ሥር የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። "ከ1,000 ውስጥ 214ኛው" የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ቁጥሩን እንደ ዋጋ ዋስትና ይቆጥረዋል። ቁጥሩ የሚገድበው ግን ያንን አንድ ቅርጽ እንጂ ገጸ ባሕርዩን አይደለም። የባትማን ባለመብት የሆነው የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚ ዲሲ ፈቃዱን በአንድ ጊዜ ለብዙ አምራቾች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አምራች ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ አቋሙ የተለወጠ፣ ፊቱ ይበልጥ የተዋጣለት፣ ቀለሙ የተሻለ ሌላ ባትማን ያወጣል። ስለዚህ አንድ ሺህ ብቻ የተሠራው ባትማን የሚወዳደረው እስከ ዛሬ ከወጡትና ገና ከሚወጡት ባትማኖች ሁሉ ጋር ነው። ከመግዛትዎ በፊት ይህን ገጸ ባሕርይ በዚህ መጠን ማን ማን እንደሠራው፣ የመጨረሻው መቼ እንደወጣና ፈቃዱ አሁንም በሥራ ላይ መሆኑን ይዘርዝሩ። ዝርዝሩ ከአንድ ገጽ ካለፈ ውሱን የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም የለውም። በአንጻሩ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ፣ አምራቹ ከገበያ የወጣ ወይም ፈቃዱን ያጣ፣ ነገር ግን ታማኝ ወዳጆች ያሉት ሁለተኛ ደረጃ ገጸ ባሕርይ ብዙ ጊዜ ከታላላቆቹ ጀግኖች ይልቅ ዋጋውን ይጠብቃል።

አቅርቦቱ ምን ጊዜም በአምራቹ እጅ መሆኑን የሌሎች የሰብሳቢ ዕቃዎች ገበያዎች በግልጽ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ቤጂንግ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ 1.31 ሜትር ቁመት ያለው፣ ላቡቡ የተባለ አንድ አሻንጉሊት በ1.08 ሚሊዮን ዩዋን፣ ማለትም በ150,000 ዶላር ገደማ ተሸጠ። በዚያው ወር ግን አምራቹ ፖፕ ማርት ተጨማሪ ላቡቡዎችን ወደ ገበያ ሲለቅ የትንንሾቹ የሁለተኛ እጅ ዋጋ ወዲያው ወረደ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2023፣ ፈንኮ የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት ኩባንያ ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ያልተሸጠ ዕቃውን እንደሚያስወግድ አስታውቆ ነበር። ሁለቱም ከእኛ ሐውልቶች በዋጋም በአሠራርም ይለያሉ፤ ቢሆንም የሰብሳቢው ፍላጎት ከፍ ባለበት ሰዓት ማምረቻውን የማያፋጥን ኩባንያ እምብዛም አይገኝም።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋጋን መለካት ነው። ሻጭ የጠራው ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ሦስት ሺህ ዶላር ተለጥፎበት ለዓመት የተቀመጠ ሐውልት የሚነግረን የሻጩን ምኞት ብቻ ነው። በፍለጋው ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ይጠቀሙ፤ ይህ መዝገብ ወደ ኋላ ብዙ ወራት ስለማይሄድ ዋጋዎቹን በራስዎ ደብተር በየወሩ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሲመዘግቡ የመጀመሪያው ካርቶን መኖሩን፣ ጥገና የተደረገበት መሆኑንና ተጨማሪ ጭንቅላት ወይም እጅ ያለው ልዩ እትም መሆኑን አብረው ይጻፉ፤ እነዚህ ሦስቱ ብቻ የአንድን ሐውልት ዋጋ በእጅጉ ያራርቁታል።

ከዚያ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ያስሉ። አንድ ሐውልት በ700 ዶላር ተገዝቶ ለመላኪያ 80 ዶላር ተከፈለበት እንበል፤ ወጪው 780 ዶላር ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ መላኪያን ጨምሮ በ900 ዶላር ቢሸጥ፣ የመሸጫው መድረክ 13 በመቶ ያህል ኮሚሽን ማለትም 117 ዶላር ይወስዳል፤ ከባድና ተሰባሪ ካርቶን ለመላክ ደግሞ ሌላ 90 ዶላር ይወጣል። እጅ ላይ የሚቀረው 693 ዶላር ነው። ዋጋው በ200 ዶላር ጨመረ ተብሎ የተወራለት ሐውልት ባለቤቱን 87 ዶላር አክስሮታል፤ ይህም የሽያጭ ግብሩና በመደርደሪያው ላይ የያዘው ቦታ ሳይታሰብ ነው። የሰብሳቢዎች ጨዋታ ሲሰማ ሁሉም ያተረፈ የሚመስለው ይህን ሒሳብ የሚሠራው ጥቂት በመሆኑ ነው።

ኑሮውን አዲስ አበባ ያደረገ ሰብሳቢ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲሰላ እጥፍ የጨመረ የሚመስል ሐውልት በዶላር ሲታይ ከቦታው ያልተነቃነቀ ሊሆን ይችላል። ዘመድ ከዋሽንግተን በሻንጣ ያመጣልኛል የሚል ካለም ካርቶኑን ቀድሞ ይለካ፤ 70 በ60 በ50 ሳንቲሜትር የሆነ ካርቶን ድምሩ 180 ሲሆን፣ የአየር መንገዶች የተለመደ ገደብ 158 ሳንቲሜትርና 23 ኪሎ ነው።

በአምራቾቹ በኩል ያለው ጫና የወደፊቱን ገበያ ከምንም በላይ የሚወስነው ይመስለኛል። አብዛኞቹ ሐውልቶች የሚሠሩት ቻይና ውስጥ፣ ሬዚን የተባለ ፈሳሽ ፕላስቲክ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ከሚገኘው ፖሊስቶን ነው፤ ቀለሙን የሚቀባው የሰው እጅ ስለሆነ የሠራተኛ ደመወዝ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 አሜሪካ በቻይና ዕቃዎች ላይ የጣለችው አዲስ ቀረጥ 145 በመቶ ደርሶ በሜይ ወደ 30 በመቶ ወረደ፤ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጭነት ያለ ቀረጥ የሚገባበት አሠራርም በመጀመሪያ ለቻይና፣ በኦገስት መጨረሻ ደግሞ ለሁሉም አገር ተቋረጠ። ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ ዓመትና ከዚያ በላይ በሚወስድ ንግድ እንዲህ ያለው መዋዠቅ ገዢው በተስማማበት ዋጋና በሚከፍለው ዋጋ መካከል ክፍተት ይፈጥራል። የጃፓን አምራቾች የተለየ ሁኔታ ገጥሟቸዋል፤ በ2024 አንድ ዶላር ከ160 የን በላይ በመመንዘሩ በየን የሚገዛ የውጭ አገር ሰብሳቢ የሚጠቀምበት ጊዜ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲደመር፣ በእኔ ግምት በቀጣዮቹ ዓመታት በጣም የሚጎዳው መካከለኛው መደብ ነው፤ ማለትም አንድ አራተኛ መጠን ያለው፣ በታወቀ ጀግና የተሠራ፣ ጥራቱ ጥሩ እንጂ እጅግ አስደናቂ ያልሆነው ሐውልት። ከላይ እንደ ቻይናው ክዊን ስቱዲዮስና እንደ ኮሪያው ጄኤንዲ ስቱዲዮስ ያሉ አምራቾች በሲሊከን ቆዳና አንድ በአንድ በተተከለ ፀጉር ሕያው ሰው የሚመስል ሥራ እያወጡ የድሮውን ቀለም ቅብ ፊት አሮጌ አስመስለውታል። ከታች ደግሞ አይረን ስቱዲዮስ የሚታወቅበት አንድ አሥረኛ መጠን በዋጋም በቦታም ስለሚቀል አዲስ ገዢዎችን ይስባል። ከሬዚን ቅርጽ የሚያወጣው የ3D ማተሚያ ማሽን በየቤቱ መግባቱም ችላ የሚባል አይደለም፤ ቀለም መቀባት የሚችል ሰው ዛሬ የራሱን ሐውልት በጥቂት ዶላር ማቴሪያል ያትማል። በሲሊከን የተሠሩትን ግን ዋጋ ይጠብቃሉ ብሎ ለመግዛት አልቸኩልም፤ አቧራ ይስባሉ፣ በቀላሉ ይቀደዳሉ፣ የረጅም ዘመን እርጅናቸውም ገና በገበያ አልተፈተነም።

ቀብዱን በተመለከተ፣ አብዛኛው ቅድመ ትዕዛዝ የማይመለስ ቀብድ እንደሚጠይቅ አውቀው ይግቡ። በየወሩ ከፍሎ መጨረስ የሚያስችለው አሠራር ምቹ ነው፤ ሆኖም ዕቃው ሳይሠራ የተከፈለ ገንዘብ ለኩባንያው የተሰጠ ብድር ማለት ነው። ጄንትል ጃያንትን የመሰለ ታዋቂ የሐውልት አምራች ስም በሥሩ ይዞ የነበረው ትልቁ የኮሚክ አከፋፋይ ዳይመንድ ኮሚክ ዲስትሪቢውተርስ በጃንዋሪ 2025 ከፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ መጠየቁ ትልቅነት መተማመኛ እንዳልሆነ አሳይቷል። በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ቅድመ ትዕዛዝ አለመያዝ፣ ክፍያውንም ክርክር ማቅረብ በሚያስችል የባንክ ካርድ መፈጸም ይበጃል። ገበያው በቀዘቀዘበት ሰዓት ደግሞ ትዕግሥት ያዋጣል፤ ብዙ ሐውልት ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከቅድመ ትዕዛዝ ዋጋው በታች ይገኛልና።

የፎርጅድ ጉዳይም አለ። ከመጀመሪያው ሐውልት ላይ ሻጋታ ወስደው በርካሽ የሚያባዙ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ የተባዛው ቅርጽ ዝርዝሩ የደበዘዘ፣ መጠኑም ከዋናው በጥቂቱ ያነሰ ይሆናል። ሻጩ የመቆሚያውን ሥር፣ ቁጥሩን፣ የካርቶኑን አራት ጎንና የፊቱን ቅርብ ፎቶ በዕለቱ ቀን ከተጻፈበት ወረቀት ጋር እንዲልክ ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ ይተዉት። ዕቃው እጅ ሲገባ በዕለቱ ይክፈቱት፤ የተሰበረ ጣት ወይም ያዘመመ እግር ካለ የአቤቱታ ጊዜው አጭር ነው። ከመስኮት ያርቁት፤ ፀሐይ ቀለሙን ታደበዝዛለች፣ ነጩንም ታገረጣለች።

ሊሸጡ ካሰቡ ቀኑን ከአምራቾቹ የማስታወቂያ ወቅት ጋር ያስተያዩ። በየጁላይ በሳን ዲዬጎ ኮሚክ ኮን፣ በፌብሩዋሪና በጁላይ ገደማ ደግሞ ጃፓን ቺባ ውስጥ በሚካሄደው ዋንደር ፌስቲቫል አዳዲስ ሐውልቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ይታያሉ፤ የእርስዎ ገጸ ባሕርይ በተሻለ ፊት ከመድረኩ ላይ ከወጣ የአሮጌው ገዢ በዚያው ሳምንት ወደ አዲሱ ይዞራል። ስለዚህ ፎቶውን ጁን ላይ አንስቶ ማስታወቂያውን ከኮሚክ ኮን በፊት መለጠፍ፣ ያ ካለፈ ደግሞ አዲሱ ዕቃ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ከፌብሩዋሪው ዋንደር ፌስቲቫል በፊት ያለውን ጊዜ መጠቀም ይሻላል።